ካስክ የገባው እግር

አንዲት ፀጉር ሰሪ ነበረች፤ ትርንጎ የምትባል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆማ የሰው ፀጉር ሠርታለች። በቤቷ ውስጥ ሦስት ወንበሮች፣ አንድ የፀጉር መታጠቢያና ሁለት ካስኮች ነበሩ። ካስክ የሚባለው ራስ ላይ የሚደፋው፣ ሙቅ አየር የሚነፋው፣ ሰዓቱ ሲሞላ ደወል የሚያሰማው ማድረቂያ ነው። ረዳት አልነበራትም። አንዴ ሞክራ ነበር፤ ግን የሌላ ሰው እጅ ሲዘገይ ቆሞ ማየት አልሆነላትም።

በቀን ውስጥ ከአፏ ደጋግሞ የሚወጣው ቃል «ቁጭ በይ» ነበር። «ቁጭ በይ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ። ቁጭ በይ፣ ገና አልደረቀም። ካስኩ ሳይደወል እንዳትነሺ።» እሷ ግን አትቀመጥም። ለራሷ ብላ የገዛችው በርጩማ ነበር፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ፀጉር የሚጠቀለልባቸው ቢጉዲኖች የሞሉት ባልዲ ተቀምጦበታል። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ስልክ ስታወራ ከበሩ እስከ መስተዋቱ ትመላለሳለች። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መስተዋት ትወለውላለች፤ የወለወለችውን ደግማ ትወለውላለች።

እንዲህ ስትል የቀኝ እግሯ ደም መላሽ ሥሮች አበጡ። መጀመሪያ ከጉልበቷ ጀርባ እንደ ሰማያዊ ክር ታዩ። ከዚያ ክሩ ወፈረ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። ሲመሽ እግሯ ውሃ እንደተሞላ ጀሪካን ይከብዳታል፤ ስትተኛ ባቷን ይቆረጥማታል። ረጅም ካልሲ አጠለቀችና ዝም አለች።

ዝም ማለት ያልቻለችው የሐመልማል የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ነው።

ሐመልማል የእህቷ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር። በቀብሩ ማግስት ልጅቷ ጥግ ይዛ፣ ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ፀጉሬን ማንም እንዳይነካኝ ብላ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራቻት እናቷ ብቻ ነበረች። ትርንጎ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና «እኔ እሠራሻለሁ» አለቻት። «እስክታድጊ እሠራሻለሁ። የሠርግሽ ቀንም የምሠራሽ እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው አይነካሽም።» ያን ጊዜ ትርንጎ ሹሩባ መሥራት እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር። በዚያች ትንሽ ራስ ላይ ተለማመደች፤ በተለማመደችው እጅ ቤት ከፈተች፤ በቤቱ ልጅቷን አሳደገች። ልጅቷ ሠርግ ምን እንደሆነ ባታውቅም ቃሉን ይዛው ነበር። በየዓመቱ በዓል ሲመጣ ታስታውሳት ነበር።

አሁን ሐመልማል ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሠርጓ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ሆነ። ሲቆጠር አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ከተማው ሁሉ ነው የሚያገባው፤ የትርንጎ ቤት በሙሽራና በሚዜ ይሞላል። በዚያ እግር እስከዚያ እሑድ እንዴት እንደምትቆም እያሰበች ሐኪም ጋ ሄደች።

ሐኪሙ ሁለቱንም እግሮቿን አየ። ቆሞ መዋል ያመጣው ነገር መሆኑን ነገራት። በቀን ብዙ ጊዜ እግርሽን ከፍ አድርገሽ አሳርፊ፣ የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጊ፣ ሥሮቹን ማስወገድ ከፈለግሽ ሌላ ሕክምና አለ፣ ተረጋግተሽ እንነጋገራለን አላት። ለጊዜው ስሜቱን የሚያቀልል የሚቀባ ጄል ጻፈላት። ትርንጎ ከዚህ ሁሉ ይዛ የወጣችው ጄል የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

መድኃኒት ቤቱ ከቤቷ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቱ ጋሽ መርዕድ በዝግታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። የሐኪሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ትርንጎ የባንኮኒውን መስታወት በጥፍሯ ትመታለች።

«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አሏት።

«የለም።»

«ደም የሚያቀጥን፣ ለራስ ምታት፣ ምንም?»

«የለም አልኩ እኮ ጋሼ። ሰው ካስክ ውስጥ አስቀምጬ ነው የመጣሁት።»

ልትዋሽ አስባ አልነበረም። ለራስ ምታቷ በየቀኑ ማለት ይቻላል አስፕሪን ትውጣለች፤ ግን መድኃኒት ብላ ቆጥራው አታውቅም። ጥያቄው እንዲያልቅላት ቸኩላ ነው።

«እግርሽ ላይ ቁስል አለ? የተላጠ፣ የተቧጨረ?»

«የለም።»

«የሚቀባ ነገር አሳክኮሽ ያውቃል?»

«ጋሼ፣ ሙሽራ እንደምትመርጥ አማት መረመሩኝ እኮ።»

ጋሽ መርዕድ ፈገግ አሉ፤ ግን አልፈጠኑም። «መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀቢና አንድ ቀን ጠብቂ። ካላሳከከሽ ጠዋትና ማታ ስስ አድርገሽ እግርሽን ቀቢ። ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ በቀስታ፣ እንደ መዳበስ። ሥሩን አትጫኚው፣ አታሺው። ቁስል ላይ አይደረግም። አይሸፈንም። አይሞቅም። ካቃጠለሽ ወዲያው ታጥበሽ ነይ።»

«በስንት ቀን ያጠፋዋል?»

«አያጠፋውም።»

«ታዲያ ምን ሊረባኝ?»

«ክብደቱን ያቀልልሻል፣ እብጠቱን ያስታግስልሻል፤ እሱም ቢሆን ሳምንታት ይፈልጋል። ያበጠ ሥር በጄል አይጠፋም። ዋናው መድኃኒትሽ እግርሽን ሰቅለሽ ማረፍ ነው።»

«እሱንስ አይሸጡም?»

«እሱ እኔ ጋ የለም» አሉ ጋሽ መርዕድ። «አንቺ ቤት ሦስት ወንበር አይቻለሁ።»

ትርንጎ ጄሉን ይዛ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። ክንድ ላይ መሞከሩን ጊዜ ማባከን ነው ብላ ዘለለችው። ሦስት ቀን እንደተባለችው ስስ አድርጋ ቀባች። በየጠዋቱ የእጅ መስተዋት ከጉልበቷ ጀርባ ይዛ ታያለች፤ ሥሩ እንዳለ ነው። ከምሳ በፊት ታያለች፣ ከምሳ በኋላ ታያለች። እንዳለ ነው። አሥራ አምስት ቀን ቀረ።

በአራተኛው ቀን እትዬ አልታዬ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ፀጉራቸው ስለሳሳ በየሳምንቱ ትሪትመንት ይሠራሉ። ትርንጎ ቅባቱን ራሳቸው ላይ ለቀለቀች፣ በፌስታል ሸፈነች፣ ካስክ አስገባቻቸው።

«እግርሽ እንዴት ሆነ?» ብለው ጮኹ። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል።

«ጋሽ መርዕድ ውሃ ነው የሸጡኝ። ሦስት ቀን ቀባሁ፣ ምንም የለም።»

«ለዚህ ፀጉር ስድስት ወር ታገሺ ብለሽኛል። ለእግርሽ ሦስት ቀን?»

«የእርስዎ ፀጉርማ ይጠጣል። እቀባዋለሁ፣ በፌስታል እሸፍነዋለሁ፣ ካስክ ሳስገባው…»

ትርንጎ ንግግሯን አልጨረሰችም። ፌስታሉን አየች፤ ባዶውን ሁለተኛ ካስክ አየች።

ከዚያ የቀኝ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። የጄሉን ግማሽ ጨምቃ ባቷ ላይ ለቀለቀችው፤ የሴት ራስ እንደምታጥብ በአውራ ጣቷ የተጠማዘዘውን ሥር አሸችው። በፌስታል ጠቀለለችው። ሁለተኛውን ካስክ ዝቅ አድርጋ እግሯ ላይ ደፋችና ሰዓቱን ሃያ ደቂቃ ላይ አዞረች። በግራ እግሯ ቆማ የቀጣይዋን ደንበኛ ፀጉር በቢጉዲን መጠቅለል ጀመረች።

«ትርንጎ፣ ጤነኛ ነሽ?» አሉ እትዬ አልታዬ።

«ሙቀት ይከፍተዋል። ካልተከፈተ አይጠጣም።»

«ጋሽ መርዕድ እንደዚህ አድርጊ አሉሽ?»

«ጋሽ መርዕድ ፀጉር ሠርተው ያውቃሉ?»

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች። ሙቀት ያበጠን ሥር ይበልጥ እንደሚያሰፋው፣ ቆዳ በፌስታል ታፍኖ ብዙ መድኃኒት ሲጠጣ እንደሚቆጣ አታውቅም ነበር። ጋሽ መርዕድ «አይሸፈንም፣ አይሞቅም» ያሉት ለዚህ ነው። ለምን ብላ ብትጠይቃቸው ኖሮ ይነግሯት ነበር፤ የ«ለምን» መልስ ግን ሁልጊዜ ይረዝማል።

የመጀመሪያ ቀን እግሯ የቀለላት መሰላት። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ካስክ አስገባችው። በሳምንቱ እግሯ ቀላ፤ «ወደ ላይ እየሳበው ነው» አለች። ከዚያ አሳከካት። ሰው ፀጉር እየሠራች በሌላኛው እግሯ ጫማ አከከችው፤ ቤት ስትገባ በጥፍሯ አከከችው። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ ሥሩ ከቆዳው ሥር ጎልቶ በወጣበት ቦታ ላይ፣ ሰሊጥ የምታህል ቦታ ተላጠች። በላዩ ቀባችበት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር አቃጠላት።

«ማቃጠሉ መሥራቱ ነው» አለች ለራሷ።

ጄሉ ሲያልቅ ጋሽ መርዕድ ጋ አልሄደችም። ይጠይቁኛል ብላ ፈራች። ከመናኸሪያው ማዶ ካለ ሌላ መድኃኒት ቤት ገዛች።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ሰባት ቀን ቀረ፣ አምስት ቀረ። ትርንጎ ጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምታየው እግሯን ነው፤ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ። ሐመልማል በየቀኑ ትደውላለች። «እግርሽ እንዴት ነው?» ትላታለች። «ደህና ነው፣ ስለ እሱ አታስቢ» ትላለች ትርንጎ፤ ይህን ስትል አንድ ቦታ ቆማ አታውቅም።

ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። እትዬ አልታዬ ለሐመልማል ሠርግ ብለው አንዱ ካስክ ውስጥ ተቀምጠዋል። ትርንጎ የአንዲት ሚዜን ፀጉር በጋለው መተኮሻ፣ በፔስትራ፣ እያስተኛች ነው። ግማሹን ጨርሳለች።

«ትርንጎ፣ ቀለም ደፍተሻል» ብለው ጮኹ እትዬ አልታዬ።

«ዛሬ ቀለም አልከፈትኩም» አለች፤ እጇን አላቆመችም።

«ቀይ ነገር ነው። ከእግርሽ ሥር።»

ያኔ ወደ ታች አየች። የቀኝ ነጠላ ጫማዋ በደም ተሞልቷል። ደሙ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ካለችው ከዚያች ሰሊጥ የምታህል ቁስል እንደ ቀጭን ክር ይወነጨፋል። ምንም አላመማትም። ሰዎቹን ያስደነገጣቸውም ይሄ ነው፤ ያን ሁሉ ደም እያፈሰሰች ፔስትራ ይዛ ቆማለች።

ፎጣ አንሥታ እግሯ ላይ ጠመጠመችና «አንድ ጎን ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። ፎጣው ወዲያው ራሰ። ከንፈሯ ነጣ። አንዷ «የተፈጨ ቡና አምጡ፣ ቡና ይነስነስበት» አለች። ሌላዋ ሻሿን ፈታ ከጉልበቷ በታች ልታስር ጎንበስ አለች። ሚዜዋ ግማሽ ፀጉሯ ቀጥ ብሎ ግማሹ ቆሞ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ አልታዬ ከነቢጉዲናቸው ከካስኩ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ።

ጋሽ መርዕድን ሲሮጡ ያየ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሮጡ።

«አስተኟት» አሉ በሩ ላይ ሆነው። «እዚሁ ወለሉ ላይ። እግሯን ወንበር ላይ ስቀሉት። ቡናውን አርቂልኝ። አንቺ፣ ሻሹን አትሰሪ፤ የሚያስፈልገው መጫን ነው።» ንጹሕ ፎጣ ተቀብለው አጠፉና የደማው ቦታ ላይ በመዳፋቸው ጫኑት። ሚዜዋን ታክሲ ጥሪ ብለው ላኳት። ከዚያ ወደ እትዬ አልታዬ ዞሩ። «የዚያን ካስክ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ያዙሩልኝ።»

ካስኩ ባዶውን መንፋት ጀመረ። ትርንጎ ሃያ ሁለት ዓመት የጠረገችው ወለል ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ እንዳለ አታውቅም ነበር።

ጥቂት ቆይታ «ጋሼ፣ ቆሟል እኮ፣ ይልቀቁኝ» አለች።

«ሳይደወል አላነሣም።»

«ትንሽ ገልጠው ይዩት።»

«ሳይደወል ከካስክ ለምትነሣ ደንበኛ ምንድን ነው የምትያት?»

«እኔንስ በማበጠሪያ ነው የመታችኝ» አለች አንዷ ከጀርባ። ደንግጠው የነበሩት ሴቶች ቀስ ብለው ሳቁ።

ጋሽ መርዕድ ግን አልሳቁም። የቀላውን፣ የተላላጠውን ቆዳ እያዩ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» አሏት። ፌስታሉንና ካስኩን ነገረቻቸው። ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ትርንጎ፣ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ሪላክሰር ቀብተሻት ደንበኛዋ አቃጠለኝ ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አጥባታለሁ።»

«ሰዓቱ ሳይሞላ?»

«ወዲያው ነው የማጥባት።»

«ራሷ ላይ ቁስል ካለስ?»

«አልነካትም። ድነሽ ነይ ብዬ እመልሳታለሁ።»

«ብትለምንሽስ? ሠርግ አለብኝ ብትልሽ?»

ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አልነካትም» አለች ቀስ ብላ።

የካስኩ ሰዓት ይቆጥራል። ፊቷን ሳትመልስ «ጋሼ፣ አስፕሪን መድኃኒት ነው?» አለች።

«ስንት ትወስጃለሽ?»

«በቀን አንድ። አንዳንዴ ሁለት።»

«ጠይቄሽ ነበር» አሉ። አልተቆጡም። «ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ለሐኪሙ ትነግሪያለሽ፤ አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ።»

ካስኩ ሲደወል ጋሽ መርዕድ ፎጣውን ገለጥ አደረጉት። ደሙ ቆሟል። መልሰው ጫኑበት፤ እንደተኛች ታክሲው ውስጥ አስገቧትና ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ አሰረው። እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ፣ እስኪድን ድረስ ቆማ እንዳትሠራ፣ ቁስሉ አጠገብ ምንም እንዳትቀባ ነገራት። «አንድ እግርሽ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ቢያምሽ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ ደግሞ» አላት «ጄል አትፈልጊ፤ በቀጥታ ወደዚህ ነይ።»

«እሑድ ሠርግ አለብኝ» አለች። «ሁለት ሰዓት ብቻ ልቁም።»

«ሥሩ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል። ብቻሽን በሆንሽበት ሰዓት ቢፈነዳስ?»

ቅዳሜን መኖሪያ ቤቷ ተኝታ ዋለች። ለሌላው ሰው እረፍት የሚሆነው ለእሷ ሥቃይ ነበር። ትራሱን ታገላብጣለች፣ መጋረጃውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሐመልማል ስትመጣ ፊቷን ሳታያት «ከመናኸሪያው ማዶ ያለችው ልጅ እጇ ጥሩ ነው» አለቻት። «ደውዬላታለሁ። ነገ ጠዋት እሷ ትሠራሽ።»

ሐመልማል የታሰረውን እግር አይታ ወጣች።

እሑድ ጠዋት ግን ማበጠሪያና ውሃ ይዛ ተመልሳ መጣች። ከአልጋው አጠገብ ትራስ መሬት ላይ አደረገችና ጀርባዋን ለትርንጎ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ትርንጎ።

«ሥሪኝ።»

«መቆም አልችልም እኮ የኔ ልጅ።»

«ቁጭ ብለሽ ሥሪኝ።»

«ቁጭ ብዬ ፀጉር ሠርቼ አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ» አለች ሐመልማል፤ አንገቷን አላዞረችም። «መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብለሽ ነው የሠራሽኝ።»

ትርንጎ አልጋው ላይ ተደላድላ፣ ቀኝ እግሯን ሁለት ትራስ ላይ ዘርግታ፣ እጇን ወደዚያ ራስ ሰደደች። ፔስትራ አልነበረም፣ ካስክ አልነበረም። ሹሩባ ጀመረች፤ በቀጭኑ፣ ከግንባር ወደ ኋላ የሚሄደውን። እግሯ ልነሣ ልነሣ ሲላት ትራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ሙሽራዋም ሳታይ «ቁጭ በይ» ትላታለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ትርንጎ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ስትጨርስ እጇን ከልጅቷ ትከሻ ላይ ወዲያው አላነሣችውም።

ሠርጉ ላይ አልጨፈረችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ከሥራ ቤቷ በመጣው በዚያ በርጩማ ላይ ሰቅላ ነበር፤ የቢጉዲን ባልዲው በመጨረሻ ወርዶለታል። ጨፋሪዎቹ ዞረው እሷ ፊት መጥተው ጨፈሩ። እሷም እያጨበጨበች ተቀመጠች።

ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ሲፈቅድላት ጄሉን እንደ አዲስ ጀመረች። መጀመሪያ ክንዷ ላይ ሞከረች፤ አንድ ቀን ጠበቀች። ጠዋትና ማታ፣ ስስ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በቀስታ። ለራስ ምታቷ ምን ልትወስድ እንደሚገባት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረች። ሥሮቹ አልጠፉም፤ ስለ እነሱ ሕክምና ክረምት ሲገባና ሥራ ሲቀንስ ቀጠሮ ይዛለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የምሽቱ ክብደት ቀነሰላት። ከሁሉም የረዳት አንድ አዲስ ልማድ ነው። ደንበኛ ካስክ ባስገባች ቁጥር እሷም ትቀመጥና እግሯን በርጩማው ላይ ትሰቅላለች። አሁን በዚያ ቤት ካስኩ ሲደወል ሁለት ሰው ይነሣል።

ይህን ታሪክ የምታነቡ፣ በተለይ ቆማችሁ የምትውሉ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትርንጎ መታገሥን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም የተጎዳችው። ሲያቃጥል መታጠብ እንዳለበት፣ ቁስል እንደማይነካ፣ ሰዓት ሳይሞላ መነሣት እንደሌለ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር፤ ለሰው ራስ የምትጠነቀቀውን ለራሷ እግር ነፈገችው። መድኃኒት ሲሰጠን መጠኑ፣ አቀባቡና ጊዜውም አብረው የተሰጡን የመድኃኒቱ ክፍል ናቸው። መድኃኒት ሰጪው ሲጠይቀን የምንመልሰው እውነትም እንደዚያው ነው። ብዙ መቀባት ቶሎ አያድንም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄና ያልተነገረ አስፕሪን ግን ሊገድል ይችላል።

እናንተስ ለሌላው «ቁጭ በል፣ ቁጭ በይ» እያላችሁ፣ እናንተ ራሳችሁ ሳይደወል የተነሣችሁት ከየትኛው ወንበር ነው?